ልጆችን ወደ ፊልም ፌስቲቫል መውሰድ፦ ስለ ዓለም አቀፍ አጫጭር የጀብዱ ፊልሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር ፊልም የሚባለው ስንት ደቂቃ ሲሆን ነው?

ኦስካርን የሚሸልመው የአሜሪካው አካዳሚ ጣሪያውን 40 ደቂቃ ላይ አድርጎታል። መጨረሻ ላይ የሚወርደው የሠራተኞች ስም ዝርዝርም አብሮ ይቆጠራል። ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ያላቸው ፌስቲቫሎችም አሉ። ለልጆች የሚመረጡት አብዛኞቹ ከ20 ደቂቃ በታች ናቸው፤ ሦስትና አራት ደቂቃ ብቻ የሆኑም ሞልተዋል።

ፌስቲቫል ላይ አንድ አጭር ፊልም ብቻውን አይታይም። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አስር የሚሆኑ ፊልሞች ተሰባስበው እንደ አንድ ፕሮግራም ይቀርባሉ፤ ትኬቱም ለሁሉም አንድ ነው። ልጅዎ የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ግን አንዴ ኖርዌይ በረዶ ላይ፣ አንዴ ሕንድ ገበያ ውስጥ፣ አንዴም ጨረቃ ላይ ይደርሳል።

"የጀብዱ ፊልም" ሲባል ጦርነትና ጥይት ያለበት ነው?

አይደለም። በእኛ ቋንቋ ጀብዱ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን የጦር ሜዳ ነው። የልጆች ጀብዱ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል። እሱን ፍለጋ ከለመደው ቦታ ይወጣል። መንገድ ላይ የሚያስፈራ ነገር ያጋጥመዋል፤ እንደምንም አልፎት ይመለሳል። የጠፋች ድመት ፍለጋ ሦስት ሰፈር ማቋረጥ ጀብዱ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ዳቦ ገዝቶ፣ መልሱን ሳይጥል ቤት መግባትም ጀብዱ ነው።

ይህን ለሚጠራጠር ሰው ሁሌ የማነሳው አንድ ፊልም አለ፤ ፈረንሳዊው አልበር ላሞሪስ የሠራው "ቀዩ ፊኛ"። ርዝመቱ 34 ደቂቃ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ፓሪስ ውስጥ ቀይ ፊኛ ያገኛል። ፊኛው እንደ ቡችላ ይከተለዋል። የሰፈር ልጆች ሊነጥቁት ያሳድዱታል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ልጁን ሆኖ የተጫወተውም የዳይሬክተሩ የራሱ ልጅ ነው። ይህ ፊልም በ1956 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ፓልም ዶር የተባለውን ዋና ሽልማት በአጭር ፊልም ዘርፍ አገኘ። ከዚያ አልፎ በኦስካር ከረጃጅሞቹ ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ። የያዘው እኮ አንድ ልጅና አንድ ፊኛ ብቻ ነው!

ዩቲዩብ ቤት ውስጥ እያለ ለምን ፌስቲቫል ድረስ እንሄዳለን?

ዩቲዩብ ልጅዎ ትናንት ያየውን የሚመስል ነገር ነው መልሶ የሚያቀርብለት። ፌስቲቫል ላይ ግን ብዙ ፊልም አይተው፣ ይህ ለዚህ ዕድሜ ይሆናል ብለው የመረጡ ሰዎች አሉ። ሌላው ትልቅ ነገር አዳራሹ ነው። መቶ ልጅ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ መስማት ስልክ ላይ አይገኝም።

ሦስተኛው ደግሞ ፊልሙን የሠራውን ሰው ማግኘት ነው። አንድ ጊዜ አንዲት የአሻንጉሊት አኒሜሽን የምትሠራ ሴት፣ ፊልሟ እንዳለቀ የጫማ ካርቶን ይዛ ወደ መድረክ ወጣች። ካርቶኑን ስትከፍተው አሁን ስክሪኑ ላይ ገደል ሲወጣ ያየነው ቀበሮ ነው! ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም። ጆሮው አካባቢ ያለው ጸጉር ከመነካካት ብዛት ሳስቷል። ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ አዩት። አንዱ ሊነካው ጣቱን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ የሚነቃ መስሎት ነው።

ከዚያ ሴትየዋ ሒሳቡን አስረዳቻቸው። ፊልም ማለት በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ነው። በአሻንጉሊት ሲሠራ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ አቋም ሁለት ሁለቴ ይነሳል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ ቀበሮውን 12 ጊዜ በእጅ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለአምስት ደቂቃ ፊልም 3,600 ጊዜ ማለት ነው። አዳራሹ በሙሉ "ውይ!" አለ። ልጆች ፊልም ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር መሆኑን የሚረዱት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

የታወቁት የልጆች ፌስቲቫሎች የትኞቹ ናቸው? እኛ ያለንበት አገር አለ?

አንጋፋው በቼክ ሪፐብሊክ ዝሊን ከተማ የሚካሄደው ነው። ከ1961 ጀምሮ አለ። የዝሊን ነገር ደስ ይለኛል። ከተማዋ የባታ ጫማ ከተማ ናት። ፋብሪካው በ1930ዎቹ ለጫማው ማስታወቂያ መሥሪያ ብሎ የፊልም ስቱዲዮ ከፈተ። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ካሬል ዜማንና ሄርሚና ቲርሎቫን የመሳሰሉ የአኒሜሽን ታላላቆች ሠሩ። ጫማ ለመሸጥ የተከፈተ ቤት ለልጆች ፊልም መፍለቂያ ሆነ። የፌስቲቫሉ ሽልማትም የወርቅ ጫማ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ሳሌርኖ አጠገብ ጂፎኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከ1971 ጀምሮ በሐምሌ አካባቢ ከብዙ አገር ልጆች ይሰበሰቡባታል። ታዋቂው ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ በ1982 ጎብኝቷት፣ ከፊልም ፌስቲቫሎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው የጂፎኒ ነው ብሎ ጽፏል። ጀርመን ላላችሁ፣ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ የሚካሄደው የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ከ1978 ጀምሮ የልጆች ክፍል አለው፤ አሁን ጄኔሬሽን ይባላል። ሆላንድ ያላችሁ ደግሞ አምስተርዳም ላይ በመኸር ወራት የሚካሄደውን ሲኔኪድ ፈልጉ።

አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ትልልቆቹ የቺካጎውና የኒው ዮርኩ ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው በ1997 ተጀመሩ። የኒው ዮርኩ የተመረጡ አጫጭር ፊልሞቹን ወደ ሌሎች ከተሞች ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ይልካል። ስለዚህ ዲሲም ሁኑ ዴንቨር፣ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ብትጠይቁ አይከፋም። ገልፍ ላላችሁ ሻርጃ ላይ በ2013 የተጀመረ የልጆችና የወጣቶች ፊልም ፌስቲቫል አለ። በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ አጅያል የተባለው ተጀመረ፤ ከ2025 ጀምሮ የዶሃ ፊልም ፌስቲቫል አካል ሆኗል፤ ስሙ በዓረብኛ "ትውልዶች" ማለት ነው።

ፌስቲቫል በሌለበት ከተማ ብንሆንስ?

የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ከ1939 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ብዙ አጫጭር ፊልሞችን በነጻ ያሳያል። ንግግር የሌላቸው አኒሜሽኖችም በብዛት አሉት። እዚያ ይጀምሩ።

ከዚያ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ማሳየት ይቻላል። ነጭ አንሶላ፣ በኪራይ የሚገኝ ፕሮጀክተር፣ ጥሩ ስፒከር ይበቃል። ሰው ሰብስቦ ማሳየት ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለሠሪው ኢሜይል ይጻፉለት። የአጭር ፊልም ሠሪዎች ፊልማቸው ሌላ አገር እንዲታይ ስለሚጓጉ "ለሃያ የአዲስ አበባ ልጆች ላሳየው?" የሚል ደብዳቤ ደስ ይላቸዋል። ሲመሽ ይጀምሩ። ፈንዲሻው ደግሞ ከፊልሙ በፊት ይታደል፤ መሐል ላይ ከታደለ ማንም ፊልሙን አያይም።

ልጄን ስንት ዓመት ሲሞላው ልውሰደው?

ከሦስት ዓመት ጀምሮ የሚሆኑ ፕሮግራሞች አሉ። ጂፎኒ ለምሳሌ ልጆቹን ከ3 ዓመት በላይ፣ ከ6 በላይ፣ ከ10 በላይ፣ ከ13 በላይ፣ ከ16 በላይ እያለ ይከፍላቸዋል። የበርሊኑም ለየፊልሙ የሚመከር ዕድሜ ይጽፋል። ያንን ቁጥር ከልብ ይውሰዱት። "የኔ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው፣ የትልልቆቹን ያያል" የሚሉ ወላጆች ብዙ ገጥመውኛል። ልጁ ጎበዝ መሆኑ እውነት ነው። ግን ቁጥሩ የሚለካው ጉብዝናን አይደለም፤ ልጁ ሌሊት ይዞት የሚተኛውን ነገር ነው። ስምንት ዓመት የሚል ፊልም ላይ ሰው ሊሞት ይችላል፤ አምስት ዓመት የሚለው ላይ ግን ሁሉም ቤቱ ይገባል።

በአንድ ቀን ስንት ፕሮግራም እናሳየው?

አንድ። ትኬቱ ረከሰ ብለው ሁለተኛውን አይጨምሩ። ልጁ ያየውን የሚያመላልስበት ጊዜ ይፈልጋል።

ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ነው። ልጄ ደግሞ ሰብታይትል ማንበብ አይችልም። ምን ይሻላል?

መጀመሪያ፣ ለትናንሾቹ የሚመረጡት ብዙዎቹ ንግግር የላቸውም፤ ሙዚቃና ድምፅ ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ፌስቲቫሎቹ ራሳቸው መላ አላቸው። በርሊን ላይ ለትናንሾቹ በሚታዩት ፊልሞች አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ንግግሩን በማይክ በጀርመንኛ ያነባል። የፊልሙ የራሱ ድምፅ ከስር ይሰማል። ፊልሙ ለምሳሌ የኢራን ቢሆን፣ ልጅዎ የተዋናይቷን ልጅ ድምፅ ሳያጣ ምን እንዳለች ያውቃል።

ሦስተኛው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። እኛ የሕንድ ፊልም ያለ ትርጉም እያየን ያደግን ሰዎች ነን። አንዲት የሂንዲ ቃል ሳናውቅ መቼ እንደሚለቀስ እናውቅ ነበር። ልጆች ፊት ማንበብ ከእኛ ይበልጥ ይችሉበታል። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ የወሰድኳት ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፊልሙ የኮሪያ ነው። እኔ ጆሮዋ ስር ጠጋ ብዬ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ማንሾካሾክ ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ታገሠችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መዳፏን አፌ ላይ አደረገችና "አክስቴ፣ አየሁት እኮ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምተረጉመው ስጠየቅ ብቻ ነው።

ጨለማው ውስጥ ቢፈራስ?

ሊፈራ ይችላል፤ ፈራ ማለት ግን ተጎዳ ማለት አይደለም። ጥንት ማታ ማታ እሳት ዳር የሚነገረን ተረት ውስጥ እኮ አያ ጅቦ ነበር። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብለን ተጠግተን ተቀመጥን እንጂ አልሸሸንም። ያላሳበደን አንድም ታሪኩ አጭር ስለነበረ፣ ሁለትም የምንደገፍበት ጉልበት ስለነበረ ነው። አጭር ፊልምም እንዲሁ ነው። አስፈሪው ነገር በአስር ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ መብራቱ ይበራል፤ አጠገቡ እርስዎ አሉ።

የሚረዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። መውጫ አጠገብ ይቀመጡ። ከመግባታችሁ በፊት "ከፈለግህ እንወጣለን፤ ስትረጋጋ እንመለሳለን" ብለው ይንገሩት፤ በር እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ሲፈራ ደግሞ ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን እንዲይዝ ያስተምሩት። ፊልም ውስጥ የሚያስፈራው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ከሰማ የገዛ ሐሳቡ ከፊልሙ የባሰ ጭራቅ ይሥልለታል። ጆሮውን ይዞ ሲያይ ግን ያ ጭራቅ ጸጉር የለበሰ ነገር ብቻ ይሆናል።

እንባው ከመጣ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ሳይከራከሩ ይዘውት ይውጡ። "አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይፈራም" ማለት ምንም አይረዳውም፤ ፍርሃቱን መደበቅ ብቻ ነው የሚያስተምረው።

እውነት ልጆች ናቸው ሽልማቱን የሚሰጡት?

አዎ፤ ለይስሙላም አይደለም። በርሊን ላይ የከተማዋ ልጆች ዳኞች ሆነው ክሪስታል ድብ የተባለውን ሽልማት ይሰጣሉ፤ አንዱ ለረጅም ፊልም፣ አንዱ ለአጭር ፊልም ነው። የአዋቂ ዳኞች ሽልማት ለብቻው አለ። ጂፎኒ ላይም ግሪፎን የሚባለውን ሽልማት የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። የዶሃው አጅያል ደግሞ ዳኞቹን በጨረቃ ስም ሰይሟቸው ነበር፦ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉት ሙሐቅ፣ ማለትም ገና ያልታየች ጨረቃ፤ ከ13 እስከ 17 ያሉት ሂላል፣ ጨረቃ ስትወጣ፤ ከ18 በላይ ያሉት በድር፣ ሙሉ ጨረቃ። ይህን ስም ያወጣው ሰው ልጅ የሚወድ ነው።

ልጆች ሲዳኙ አዋቂ የማያየውን ያያሉ። አዋቂ ሙዚቃው ሲያምር፣ ካሜራው ሲረቅ ይሸነፋል። ልጅ ግን "ለምን ውሻውን ትቶት ሄደ?" ብሎ ይይዛል፤ መልስ ካላገኘ ፊልሙ በቃ ወደቀ። የዳኝነት ዕድሉ ባይገኝ እንኳ፣ ከአዳራሹ ስትወጡ ድምፅ መስጫ ካርድ ካለ ልጅዎ ራሱ ይሙላው። እጁን አይምሩት።

ከኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለ መድረክ የበቃ ሥራ አለ?

አለ፤ ግን ከሚገባን በጣም ያነሰ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት አሻንጉሊት ናት። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በ2008 ጀርመን ውስጥ በፕሪ ዠኔስ ሽልማት አግኝቷል፤ ይህ ዓለም አቀፍ የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ነው። በረጅም ፊልም በኩል የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" በ2015 ካን ላይ በኦፊሴላዊው ምርጫ ውስጥ ታይቷል። እናቱን ያጣ ልጅ ለበዓል ሊታረድበት የተፈረደበትን በጉን ለማዳን ሲታገል ያሳያል። ርዝመቱ የአጭር ፊልም አይደለም፤ ልቡ ግን ከላይ ያልኩት የልጅ ጀብዱ ነው።

በአጭር ፊልም በኩል ግን ገና ሰፊ ሜዳ ነው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲያወሩልን ያደግንባቸውን ተረቶች አስቡ። እያንዳንዱ አስር ደቂቃ አይሞላም። እንስሳ አለው፣ መንገድ አለው፣ አደጋ አለው፣ ብልሃት አለው። ለአጭር ፊልም የሚፈለገው ይኸው ነው። ይህን ለሚሠሩ ወጣቶች ሁሉ መንገር የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እኔ ራሴ አጭር የልጆች ፊልም ሠርቻለሁ። እንዴት ላስገባው?

አብዛኞቹ ፌስቲቫሎች ፊልምፍሪዌይ በሚባለው ድረ ገጽ ወይም በራሳቸው ገጽ ይቀበላሉ። ብዙዎቹ የመግቢያ ክፍያ ስለሚጠይቁ ለሃያ ቦታ በአንዴ አይላኩ። ደንባቸውን አንብበው ከፊልምዎ ጋር የሚሄዱትን አምስቱን ይምረጡ። ክፍያው ከከበደዎት በትህትና ጽፈው ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ እሺ የሚሉ አሉ። የቺካጎውና የኒው ዮርኩ ለኦስካር ውድድር ብቁ ከሚያደርጉት ፌስቲቫሎች መካከል ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ ማሸነፍ ትልቅ በር ይከፍታል።

ወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን የሚወድቁበት ቦታ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሙዚቃ ነው። የወደዱትን ዘፈን ከስር አስገብተው ፈቃድ ካልያዙ ፊልሙ ቢያምርም አያልፍም። ዋሽንት የሚነፋ ጓደኛ ይፈልጉ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት። ሁለተኛው ቸኩሎ ዩቲዩብ ላይ መጫን ነው። ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም የማይቀበሉ አሉ፤ ስለዚህ የፌስቲቫሉ ዙር እስኪያልቅ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ሦስተኛው ሰብታይትል ነው። "አፌን በዳቦ አብሱ" የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ከቀየሩት የውጭ ልጅ ግራ ይጋባል። ሰብታይትሉን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ለሆነ ልጅ ያስነብቡት፤ የገባውን ይንገርዎት።

የሚተውኑት ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት አይቅሩ፣ ፀሐይ ላይ ውለው አይራቡ። የወላጅ ፈቃድም በፊርማ ይያዝ።

ከፊልሙ በኋላ ምን ልጠይቀው?

"ምን ተማርክ?" ብለው አይጠይቁት። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። እኛ ከተረቱ መጨረሻ ምክር መልቀም ለምዶብናል፤ ክፋት የለውም። ልጁ ግን ጥያቄውን ሲሰማ የሚያደርገው እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን መገመት ነው። "ወላጅን ማክበር" ይልዎታል፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ያየው ነገር በሙሉ ውስጡ ተቆልፎ ቀረ ማለት ነው።

ይልቅ "የቱ ጋ ነው ልብህ የመታው?" ይበሉት። "አንተ ብትሆን ወንዙን በየት ትሻገር ነበር?" ይበሉት። ወይም ዝም ብለው "ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች? አልገባኝም" ብለው ያስተርኩት። መተረክ ሲጀምር ፊልሙ የሱ ይሆናል። የተሳሳተ ነገር ቢናገር አያርሙት፤ ጨምሮ ከፈጠረ ደግሞ እሰየው ነው።

ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ሌላም ትርፍ አለው። ብዙ ልጆቻችን ቤት የሚሰሙት አማርኛ የትእዛዝ ነው፦ ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ቶሎ በል። በዚህ ቋንቋ ጀብዱ መተረክ አይቻልም። ከፊልም ሲወጣ ግን ልጁ ሊነግርዎ ስለሚቸኩል ቃል ይርበዋል። "ያ... ተራራው ውስጥ ያለው ቀዳዳ" ሲልዎት "ዋሻ" ይበሉት። "በእጁ ብቻ እንዲህ ሆኖ" ሲል "ተንጠልጥሎ" ይበሉት። የእህቴ ልጅ "ገደል" የሚለውን ቃል አውቶቡስ ውስጥ ነው የያዘችው። እስከ ቤት ድረስ ያየችው ደረጃ ሁሉ ገደል ነበር።

ጀግናው ልጅ ሁሌም እናቱን ሳያስፈቅድ ከቤት ይወጣል። ልጄ መጥፎ ነገር አይማርበትም?

ይህን የሚጠይቁኝ ጠንቃቃ ወላጆች ናቸው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። እውነት ነው፣ አብዛኛው የጀብዱ ፊልም የሚጀምረው በር ተከፍቶ ልጁ ብቻውን ሲወጣ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እናት አብራው ካለች ችግሩን እናት ትፈታዋለች፤ ታሪክ የለም። የእኛም ተረቶች ውስጥ ልጆቹ ጫካ የሚገቡት ብቻቸውን ነው።

አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፊልም ፊልም መሆኑን ይለያል። በራሪ ዓሣ ያየ ልጅ ዓሣ ይበራል ብሎ አይከራከርም። ግን ደግሞ የሚያየው ነገር ምኞቱን ይቀሰቅሳል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ስለዚህ ዝም ብለው አይለፉት። "ልጁ ሳይነግራት ወጣ። እናቱ የት ትፈልገው ይመስልሃል?" ብለው ያንሱት። ብዙ ልጆች ስለ እናትየዋ የሚያስቡት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ምኞቱን ይስሙት፤ ከምኞቱ ውስጥ ዛሬ ሊፈቀድ የሚችለውን ትንሽ ቁራጭ ይፈልጉለት።

የእህቴ ልጅ ከዚያ ከኮሪያው ፊልም ማግስት ብቻዬን ሱቅ ልሂድ አለች። እናቷ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ግማሽ ቀን ከተነጋገሩ በኋላ ተስማሙ፦ ከቤቱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት፣ መንገድ ሳይሻገሩ፣ እኛ በመስኮት እያየናት። ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም። እህቴ መስኮቱ ላይ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ስምንት ደቂቃ ፈጀባት። በሩን ስትከፍት ዳቦው ብብቷ ስር ነው፤ ጫፉ ተቆርሷል። ቀኝ እጇን ዘረጋችልን። መልሱ መዳፏ ውስጥ በላብ ረጥቦ፣ አንድም ሳንቲም ሳይጎድል ነበር።